አምፖሉ የማያየው

የኤሌትሪክ መለኪያው ሜትር ዘጠና ላይ ቆመ።

ፕሮፍ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቁጥሩ እስኪወርድ ጠበቀች። አልወረደም። የሞተርሳይክሏ ቁልፍ ተነቅሎ ኪሷ ውስጥ ነው። መብራቱም ጡሩምባውም ጠፍቷል። እንዲህ ተኝታ ሳለች ከባትሪዋ ምንም መውጣት አልነበረበትም። ግን በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ዘጠና ሚሊአምፔር ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው።

ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጻፈች፦ «ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቁልፍ ተነቅሏል። 90።»

ሞተርሳይክሏ የአንዲት የእንስሳት ሐኪም ናት። ረጅም፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ አስፋልቱንም የገጠሩን ጭቃም እኩል የምትችል። ሐኪሟ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስትነዳት ምንም አትልም። ቅዳሜና እሑድ ቆማ አድራ ሰኞ ጠዋት ስትቀሰቀስ ግን «ጠቅ» ትልና ጸጥ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነች። ሐኪሟ አዲስ ባትሪ ገዛች፤ በቀጣዩ ሰኞ ያው «ጠቅ»። በዚያው ሰኞ ምጥ የጠናባት ላም ጋ ሳትደርስ ቀረች። ላሟም ጥጃዋም ሞቱ።

የዚያን ዕለት ነው የፕሮፍ አባት ጥፋተኛ ያገኘው።

አባቷ የሞተርሳይክል ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው እዚሁ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ነው። ሜትር የሚባል ነገር ይዞ አያውቅም። ከፍሬቻ የፈታት አንዲት አምፖል አለችው፤ ሁለት ሽቦ በይዶባት አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ይውላል። የባትሪውን ገመድ ይነቅልና አምፖሏን መሀል ያስገባታል። ከበራች አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ካልበራች ሽቦው ጤነኛ ነው። «ሰው ይዋሻል፤ መብራት አይዋሽም» ይላል። በዚያ ሰኞ አምፖሏ አልበራችም።

«ሽቦሽ ንጹሕ ነው» አላት ለሐኪሟ፣ የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። «ባትሪው ነው። ዲናሞ አሮጌ አጥቦ አዲስ ብሎ ሸጠልሽ።»

ጋሽ ዲናሞ ጥጉ ላይ ባትሪ የሚሸጡት ሰው ናቸው። ከአባቷ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ወሬው ከሞተር ፈጠነ። ሐኪሟ ባትሪውን መልሳ ሌላ ቦታ ገዛች። በአራት ሳምንት ውስጥ የጋሽ ዲናሞ ሱቅ ዝንብ ብቻ የሚገባበት ሆነ። ልጃቸው ቁንጫ ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከፕሮፍ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ናት። «ፕሮፍ» የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷ ናት፤ «ይቺ ልጅ የሻይዋን ስኳር ሳትለካ አትጠጣም» ብላ። አሁን ግን መጨረሻው ረድፍ ሄዳ ተቀምጣለች። ሰላምታም የለም።

ሌላ ቦታ የተገዛው ባትሪም ሰኞ ሰኞ ሲሞት ነው ፕሮፍ የፊዚክስ አስተማሪዋን ሜትር የለመነችው። «እስከ ሰኞ» ብለው ሰጧት። ዛሬ ሐኪሟ ሞተርሳይክሏን እንድትታይ ትታ ሄዳለች፤ አባቷ ደግሞ ሽቦ ሊገዛ ወጥቷል።

ፊውዞቹን በየተራ ነቀለች። የመብራቱን፦ 90። የጡሩምባውን፦ 90። ሁሉንም ነቅላም 90። ስለዚህ የሚያፈሰው በእነዚህ ፊውዞች የማያልፍ ነገር ነው። ከባትሪው በቀጥታ የሚወጣውን ሽቦ በጣቷ እየዳበሰች ተከተለችው። ከመቀመጫው ሥር አልፎ ሬጉሌተሩ ላይ ደረሰ፤ ሞተሩ የሚያመነጨውን ኃይል አስተካክሎ፣ መጥኖ ለባትሪው የሚያቀብለው እሱ ነው። ሶኬቱን ነቀለች።

0።

መልሳ ሰካችው። 90። ነቀለች። 0። አስተማሪዋ «አንዴ አጋጣሚ ነው፤ ሦስቴ ማስረጃ ነው» ስለሚሉ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ከዚያ ስልኳን አብርታ ሬጉሌተሩን አየችው። እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ የአሉሚኒየም ጥርሶች አሉት። ከግራ ሦስተኛው ጫፉ ተሸርፏል።

ይህን ሽራፊ ታውቀዋለች። ከሁለት ወር በፊት አባቷ ሬጉሌተሩን ከአንድ ከተፈታታ ሞተር አውጥቶ፣ ከጥርስ ብሩሽና ከአንድ ጣሳ ቤንዚን ጋር ሰጥቷት ነበር። «እስቲ አዲስ አስመስይልኝ» ብሎ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈገፈገችው። ሲያብለጨልጭ «እጅሽ ይባረክ» አላት፤ ለሐኪሟ ደግሞ «ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ነው» አላት። ፕሮፍ ያኔ የሰማችው «እጅሽ ይባረክ» የሚለውን ብቻ ነበር።

የግቢው በር ተከፈተ።

«ምኑን ነው የምትነካኪው?» አለ አባቷ፣ ጥቅል ሽቦ ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ።

«አባዬ፣ አምፖልህን ስጠኝ።»

ሳቀ። ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ገመዱና ባትሪው መሀል አስገባቻት። አልበራችም።

«ታዲያ? ነግሬሽ የለ!»

አምፖሏን አንስታ ሜትሩን ተካችበት። «አሁን እየው። ዘጠና። አምፖልህ ለመብራት ከዚህ ብዙ እጥፍ ትፈልጋለች፤ ይቺን አታያትም። ግን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ስልሳ ሰዓት ነው። አባዛሁት፤ ባትሪውን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የሚቀረው።» ሶኬቱን ነቀለች። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። «ሬጉሌተሩ ነው፣ አባዬ። ያ ያጠብኩልህ።»

አባቷ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሜትሩን አየ፣ እጆቹን አየ።

«ይሄን ማን አየ?» አለ በመጨረሻ።

ፕሮፍ ከእሱ የጠበቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ አልነበረም።

«እኔ ብቻ።»

ተነሣ። ከመደርደሪያው ካርቶኑ ያልተከፈተ ሬጉሌተር አወረደ፤ ይሄኛው እውነትም አዲስ ነው። በሩብ ሰዓት ገጥሞ ጨረሰ። አሮጌውን የብረት ቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ወረወረው።

«ጋሽ ዲናሞስ?»

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

«አላለፈም እኮ! ነገ ዕቃቸውን ጭነው ሊሄዱ ነው።»

«እና መንገድ ላይ ወጥቼ ‹ሌባው እኔ ነኝ› ልበል? ከዚያ በኋላ ሞተሩን የሚያምነኝ ማን ነው? አንቺስ በምን ትማሪያለሽ?»

በዚህ መሀል ሐኪሟ ደረሰች፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን አገኘህባት? ቶሎ በለኝ፣ ተረኛ ነኝ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሊኒክ ነው የምቆየው።»

አባቷ እጁን ከሚገባው በላይ ጠረገ። «ሬጉሌተሯ ነው። አፍስሶ አፍስሶ… ያ የዲናሞ ባትሪ ነው ያበላሸው።»

«ያ ሰውዬ! የእጁን ይስጠው!» ወደ ፕሮፍ ዞር አለች። «አንቺስ፣ ጎበዟ፣ አባትሽን እያገዝሽ ነው?»

ፕሮፍ አፏን ከፈተች። አባቷ አየት አደረጋት። ቁጣ ቢሆን ታውቀው ነበር። ይሄ ልመና ነው፤ እሱ ሰው ሲለምን ደግሞ አይታ አታውቅም።

«አዎ» አለች።

ሞተርሳይክሏ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ሐኪሟ እጇን እያውለበለበች ወጣች። አባትና ልጅ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አንዱ አንዱን ሳያይ ቆሙ።

ከዚያ ፕሮፍ ወደ ቁርጥራጩ ሣጥን ሄደች። ሬጉሌተሩን አውጥታ ከሜትሩና ከደብተሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ወዴት ነው?»

«ቁንጫ ቤት።»

«ልጄ፣ በዚያ በር ይዘሽው ከወጣሽ ነገሩ አይመለስም።»

«አውቃለሁ።»

ሊይዛት የተነሣ መስሏት ነበር። አልተነሣም። አንድ ምንም ያልሆነ ጡሩምባ አንሥቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

የጋሽ ዲናሞ ሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ ናቸው። ባትሪዎቹ የነበሩበት ቦታ በአሲድ የተበላ አራት ማዕዘን ምልክት ብቻ ቀርቷል። ቁንጫ በሩ ላይ ካርቶን እያሰረች ነበር።

«መጣሽ? ምን ቀራቸው ብለሽ ልታዪ ነው?»

«አንድ ባትሪ ተርፏችኋል?»

«አዎ። ሐኪሟ የመለሰችው፤ አባዬ ያኔ ቻርጅ አድርጎት እንደተቀመጠ ነው። የሌባ ባትሪ ማን ይገዛል?»

«አምጪልኝ።»

ቁንጫ ለመሳደብ አፏን ከፍታ፣ የፕሮፍን ፊት አይታ ዘጋችው። ባትሪውን አመጣች። ፕሮፍ ለካችው፦ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት። አራት ሳምንት ተቀምጦም ሙሉ ነው። ሬጉሌተሩን በሜትሩ በኩል ከባትሪው ጋር አገናኘችው።

90።

ቁንጫ የባትሪ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ማንም አላስረዳትም። «ይሄ ከየት ነው የወጣው?»

ጋሽ ዲናሞ ገመዳቸውን ጥለው ቀረቡ። ቁጥሩን አዩ። የተሸረፈውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፕሮፍን አዩዋት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አባትሽ ነው።»

«አባዬ!» አለች ቁንጫ።

ፕሮፍ ደብተሯን ገለጠች። ከቁጥሮቹ ሥር አንድ መስመር ባዶ ነበር። ጻፈችበት፦ «ሬጉሌተሩ አሮጌ ነበር። አጥቤ አዲስ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።» ቁንጫ በትከሻዋ በኩል አነበበችው።

«ሐኪሟ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሊኒክ ናት» አለች ፕሮፍ፣ ሜትሩን እየጠቀለለች።

ቁንጫ ባትሪውን አንሥታ ብብቷ ሥር ያዘችው። አብረው ወጡ። ቁንጫ የመንገዱን ግራ ያዘች፣ ፕሮፍ ቀኙን።