ለሁሉም የተላከ ማስጠንቀቂያ

በጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በሰገነት ከተማ «ፀሐይ ልታስነጥስ ነው» ከተባለ ሰው የያዘውን ጥሎ ከመሬት በታች ወዳለው መጠለያ ይወርዳል። የፀሐይ ማዕበል የሚያመጣው ጨረር እስኪያልፍ እዚያው ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ይጨቃጨቃል። ሁሉም ለምዶታል። የሚያስፈራው ማስጠንቀቂያው ሲዘገይ ነው።

ፋንታዬን ያገኛት ይኸው ነበር። ማዕድን ማውጫው ሜዳ ላይ ብረት ስትበይድ ማስጠንቀቂያው በራስ ቁሯ ውስጥ የተሰማት ጨረሩ ከያዛት በኋላ ነው። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ጸጉሯ እየረገፈ ነው። የከተማዋ የመገናኛ መረብ መሐንዲስ ትርሲት ልትጠይቃት ሄዳ፣ የምትላት ጠፍቷት ተመለሰች።

ጥፋቱ የአሠራሩ ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚላከው በዩኒካስት፣ ማለትም በነጠላ ስርጭት ነው፤ ማዕከሉ ያንኑ ድምፅና ያንኑ ካርታ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ እየገለበጠ፣ ከፊቱ ስሙን እየጠራ ይልካል። ወደ ሜዳው የሚሄደው መስመር ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ጠባብ። ሺህ ሠራተኛ ካለ ሺህ ቅጂ በዚያ መስመር ይጋፋል። ቅጂዎቹ የሚወጡት በስም ፊደል ተራ ስለሆነ፣ እነ ሀብታሙና እነ ለማ መጠለያ ገብተው ሲያበቁ ፋንታዬ ገና ትበይዳለች።

ትርሲት ሌላውን መንገድ ካቀረበች ቆይታለች። በመልቲካስት፣ በቡድን ስርጭት ማለት ነው፣ ማዕከሉ ለቡድኑ አድራሻ አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል። መልእክት ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግሩት መሣሪያዎች፣ ራውተሮቹ፣ መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያባዙታል፤ ያውም ቡድኑን የተቀላቀለ ሰው ወዳለበት ቅርንጫፍ ብቻ። ይህንን ለአለቃዋ ለኢንጂነር አስናቀ በስብሰባ አስረዳች፤ ቆይ እስቲ አሏት። ቢሮአቸው ድረስ ሄደች፤ እናየዋለን አሏት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

አስናቀ ያለ ምክንያት አልነበረም የሚያመነቱት። በነጠላ ስርጭት እያንዳንዱ የራስ ቁር «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። በቡድን ስርጭት ግን ማዕከሉ ለማን እንደደረሰ አያውቅም፤ ሁሉም ይመልስ ቢባል መስመሩ በመልሱ ይታነቃል። ከፋንታዬ አደጋ በኋላም ይህንኑ ደገሙላት።

«ሰው መስማቱን ሳላውቅ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሏት።

«ፋንታዬ እኮ ደርሶኛል ብላ መልሳለች» አለች ትርሲት። «ከተጎዳች በኋላ።»

አስናቀ በማግስቱ ፈቀዱ።

ቀጣዩ ማዕበል የመጣው ሜዳው በሠራተኛ ተሞልቶ ሳለ ነው። ትርሲት ኮረብታው አናት ላይ ካለው ማዕከል አንዷን ቅጂ ለቀቀቻት። የሜዳው ቅርንጫፎች በሙሉ በማያዋ ላይ በአንድ ቅጽበት አረንጓዴ ሆኑ። ዞራ አለቃዋን ልታይ ስትል ዓይኗ የሜዳው ካሜራ ምስል ላይ ቀረ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ፤ ግራና ቀኝ ተያዩ፤ ሌላው እንደቆመ ሲያዩ ወደ ሥራቸው አቀረቀሩ። ደግማ ላከች። ሰለሰች። ራውተሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ አንዱም አልተበላሸም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታች። አስናቀ ከኋላዋ ቆመው ምስሉን ያያሉ፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

በመጨረሻ የሜዳውን የሥራ ኃላፊ ቡልቻን በግል መስመር ጠራችው።

«ቡልቻ፣ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ድሮ ‹ቡልቻ፣ ውረድ› ነበር የሚለኝ። አሁን ‹ሠራተኞች ሁሉ ውረዱ› አለ። ማንም ሲነሳ አላየሁም፤ ሙከራ መሰለኝ።»

ትርሲት ደሟ ፈላ። አንዱ ቅጂ ለሁሉም የሚሆነው የማንም ስም ስለሌለበት ነው፤ ይህንን ራሷ ነበረች በኩራት ያስረዳችው።

«ሙከራ አይደለም፤ ውረድ» አለችው። «አጠገብህ ያለውን በስሙ ጠርተህ ይዘኸው ውረድ። እሱም አጠገቡ ያለውን ይጥራ።»

ቡልቻ አንዱን ትከሻውን ነካ ሲያደርገው አየች። ያ ሰው ዞሮ ሁለት ሴቶችን ጠራ። እነሱም ሌሎችን ጠሩ። ቆሞ የነበረው ሜዳ ይሯሯጥ ጀመር፤ ጨረሩ ከመድረሱ በፊትም ባዶ ሆነ። የሜዳው መጠለያ በር ከሰው ሁሉ በኋላ ተዘጋ።

ትርሲት ግን ከማሽኑ አልተነሳችም። ብልሽት ብታገኝ በወደደች፤ ብልሽት ይጠገናል። መዝገቦቹን ከላይ እስከ ታች እያገላበጠች መልእክቱ የት ጋ እንደተሳሳተ ፈለገች። አልተሳሳተም። ለላከችለት ሰው ሁሉ፣ በልክ፣ በሰዓቱ ደርሷል። ማዕከሉ ከመሬት በላይ፣ ለጨረሩ የተጋለጠ መሆኑንም፣ ለቡድን የሚልክ ራሱ የቡድኑ አባል መሆን እንደማይጠበቅበትና በእሷ ጆሮ ምንም ማስጠንቀቂያ እንዳልጮኸም አላሰበችውም።

አስናቀ ወደ ማዕከሉ መጠለያ የሚያወርደው ደረጃ ጋ ደርሰው ቆመዋል። ዞረው አዩአት።

«ትርሲት፣» አሉ በዝግታ፣ «ነይ ውረጂ።»

ከወንበሯ መነሳቷን ያወቀችው ደረጃውን ካጋመሰች በኋላ ነው።