የተረፈችው ቢጫ ክር

ፌንጣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከአባቷ የጫማ መስፊያ ክፍል ጀርባ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላታል። እናቷ እንኳ በስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ክበብ አንድ ቅዳሜ የእግር ጉዞ አዘጋጀ። ከከተማ ወጥተው፣ በእርሻው መሃል አልፈው፣ ኮረብታውን ወጥተው ይወርዳሉ። ጉዞውን ለሚጨርስ ለእያንዳንዱ ልጅ ጎረቤቶች ገንዘብ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። በገንዘቡም መራመድ ለማትችል አንዲት ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር ይገዛል። ደስ አይልም?

መንገዱ ላይ ሦስት ቦታ ሰው ይቆማል፤ ላለፈው ልጅ ሁሉ እጁ ላይ ክር ያስርለታል። ድልድዩ ላይ ነጭ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቢጫ፣ መጨረሻው ላይ ሰማያዊ። ክሩን የሰጠችው ሹራብ ሠሪዋ የፌንጣ እናት ናት። የቆረጠችውስ? ራሷ ፌንጣ! ተጓዦቹ አርባ ስለሆኑ ከየቀለሙ አርባ አርባ ቆረጠች። የተረፈችውን ቁራጭ ቢጫ ክር ኪሷ ከተተቻት።

ቀኑ ደረሰ። ድልድዩን በዘፈን አለፉ። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ግን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ጀመር።

«ወይኔ እግሬን!» አለች ፌንጣ።

በስተግራ ኮረብታውን የሚዞር ጥላማ መንገድ አየች። እጇን ኪሷ ስትከት ያቺን ክር አገኘቻት። ማን ያውቅብኛል? አለች በልቧ።

«እናንተ ቅደሙ፤ የጫማዬን ክር ላጥብቅ!» አለች ለጓደኞቿ። ጫማዋ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

በጥላማው መንገድ ዞራ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ በአንድ እጇና በጥርሷ እየታገለች ቢጫዋን ክር አሰረች። ልጆቹ ሲወርዱ ጠብቃ መሃላቸው ገባች።

«የት ነበርሽ?» አሏት።

«ከኋላችሁ ነበርኩ እኮ!»

አንዱ ውሸት ሁለት ሆነ፤ አያችሁ?

መጨረሻው ላይ የክበቡ ሰብሳቢ ቆማለች። ነርስ ስለሆነች ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ለፌንጣ ሰማያዊውን ክር እያሰረች፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ!» አለቻት። ሁሉም አጨበጨቡ። ፌንጣ ፊቷ ቀላ። ብርቱካን ሰጧት፤ እሷ ግን ሳትበላ ኪሷ ከተተችው።

ሲስተር ልጆቹን ቆጠረች። አርባ! ሁሉም ገብተዋል። ግን ኮረብታው ጫፍ ላይ የቆመው አናጺ፣ ጋሼ መዶሻ፣ አልመጣም። አንድ ሰዓት ጠበቁት። ሁለት ሰዓት ጠበቁት። ስልኩም አይሠራም።

በመጨረሻ እያነከሰ መጣ። ሱሪው ተቀዷል፣ እጁን እሾህ ቧጭሮታል፣ ድምፁ ተዘግቷል።

«ሲስተር፣ ሰው ይጥሩልን!» አለ። «አንድ ልጅ ጠፍቷል! ሠላሳ ዘጠኝ አስሬ አንድ ክር ተረፈኝ። ገደሉ ውስጥ ወርጄ ፈለግኩ፤ ማን ብዬ ልጥራ? አንተ ልጅ፣ አንቺ ልጅ እያልኩ ስጮህ ዋልኩ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አርባዎቹም እዚህ ናቸው!» አለች ሲስተር። ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞረች። «ፌንጣዬ፣ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። ምናልባት ስትቆጥሪ ተሳስተሽ ይሆን?»

ልጆች፣ እስቲ አስቡት። «አዎ» ብትል አለቀ። ማንም አይቆጣትም።

ጋሼ መዶሻ ግን አላመነም። «እሱስ ይሁን፤ ግን ቆጠራው ተሳስቶ ልጅ ገደል ውስጥ ቢሆንስ? እኔ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለና እግሩን እየጎተተ ወደ ኮረብታው ተመለሰ።

ፌንጣ ሮጣ እጁን ያዘች።

«ጋሼ፣ አይሂዱ! እኔ ነኝ! ኮረብታውን አልወጣሁም። ክሩን ራሴ ነኝ ያሰርኩት!»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ፌንጣ በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አሁን ይጮህብኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሼ መዶሻ ግን እዚያው አፈር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ተመስገን!» አለ። «ተመስገን፤ ልጅ አልጠፋም!» እንባውን በተቧጨረው እጁ ጠረገ።

ምነው በመታኝ አለች ፌንጣ። ከስድብም ከቁጣም ይልቅ ያ እንባ አሳፈራት። ጉልበቱ ሥር ወድቃ፣ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» እያለች ተንሰቀሰቀች።

በማግስቱ ለእሷ ሊከፍል ቃል ወደገባው ዳቦ ጋጋሪ ሄደች። አንገቷን ደፍታ፣ «ጉዞውን አልጨረስኩም፤ እስክጨርሰው እንዳይከፍሉ» አለችው። የወንበሩ ገንዘብ በእሷ ምክንያት እንዳይጎድል ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱን ከመጀመሪያው ልትሄደው ተነሣች። በሩን ስትከፍት ጋሼ መዶሻ ዱላ ይዞ ቆሟል።

«እግርዎ አልዳነም እኮ!» አለችው።

«ብቻሽንማ አልሰድሽም» አላት። «ዛሬ ደግሞ የእውነት ብትጠፊብኝስ?»

ፌንጣ አፈረች። ግን እጁን ያዘችው፤ በእሱ እርምጃ ልክ፣ ቀስ እያሉ ኮረብታውን ወጡ።

ልጆች፣ የኛ ውሸት የሚወደንን ሰው ያንከራትታልና፣ ስናጠፋ ቶሎ እውነቱን እንናገር።