የቦልቴ በኩራት

ከረጢቱ መድረኩ ላይ ደርሷል። አሁን መመለስ የለም።

ሶልያና ከሴቶቹ ረድፍ መጨረሻ ቆማ ታየዋለች። አምስት ኪሎ ሩዝ፣ አፉ በሽቦ የታሰረ። በቢጠና ከተማ ባለችው በዚህች ቤተክርስቲያን ገበሬው የአዝመራውን በኩራት እሑድ ያመጣል፤ ከስብከት በኋላ ጨረታ ይወጣበታል። ከዶሮና ከበቆሎ መሃል አንድ ከረጢት ማንም አይጠረጥርም። እቅዱ የእሷ ነበር።

በጮራ ሩዝ ድርጅት ሚዛን ላይ ከተቀጠረች አምስት ወሯ ነው። ሶልያና የሚለው ስምም አምስት ወሩ ነው። በድብቅ የላኳት አዲስ አበባ ያሉት አለቆቿ «ወንፊት» ይሏታል። ከማሳዎቹ በላይ ድርጅቱ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚያቀልጥበት መጋዘን አለ። እጣቢው ወደ መስኖው ቦይ ይወርዳል። ሩዙ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዘኛ ብረቶች ጠጥቶ ያድጋል። በይፋ የተላከ ናሙና ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀይሮ «ንጹሕ» ተብሎ ተመልሷል። ነገ ሰኞ ሩዙ ለትምህርት ቤቶች ምገባ ይጫናል። ይህ ከረጢት ዛሬ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ጓሮ ለሚጠብቀው ሰዋቸው ካልደረሰ ልጆቹ ሩዙን ይበሉታል።

ጨረታውን የሚመራው ጌታሁን የእሷ ሰው ነው። በመጨረሻው ጥሪ ራሱ ገዝቶ በሞተር ሶዶ ሊያደርሰው ተስማምቷል።

ጌታሁን ከረጢቱን አነሳ። ወደ እሷ አላየም። ወደ በሩ አየ።

በሩ ላይ የድርጅቱ ጥበቃ ኃላፊ ሻንቆ ቆሟል።

ተሸጣለች።

«የጋሽ ቦልቴ በኩራት ነው። ማን ይባረክበት?» አለ ጌታሁን።

«አንድ ሺህ» አለ ሻንቆ።

«ሻንቆም ጌታን ተቀበለ?» አለች አንዲት ሴት። ሰው ሳቀ።

ጌታሁን ሁለተኛ አልጠራም። ከረጢቱን አስረከበው።

ሻንቆ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ልማዱን አያውቅም። እዚህ ጨረታው እስኪያበቃ ድረስ ያሸነፈ ሰው ዕቃውን ይዞ አይሄድም። መልሶ ለጌታ ይሰጣል፣ ጨረታውም እንደገና ይወጣል። እሱ ወደ በሩ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ወዴት ነው?» አለ ሽማግሌው ኤርሳዶ። «የጌታን ሩዝ ይዘህ ልትሮጥ?»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። «መልስ፣ መልስ» አሉት። እነዚሁ ገበሬዎች በዚህ ሳምንት የድርጅቱን አዲስ ውል ይፈርማሉ፤ ሊያስቀይማቸው አይችልም። ጥርሱን ነክሶ መለሰ።

ሶልያና ጎንበስ ብላ ወደ ወንዶቹ ረድፍ ተሻገረች። ሩዙ ከቦልቴ ማሳ የተወሰደ ነው። በስሙ እንዲያቀርበው የመከረችውም እሷ ናት።

«ጋሽ ቦልቴ፣ ሩዙ ሻንቆ እጅ እንዳይገባ።»

«ለምን? ሩዜ ምን አለው?»

ልትነግረው ትችላለች። ብትነግረው ይጮኻል።

«ሊንቅዎት ነው የመጣው» አለች።

«ሦስት ሺህ» አለ ሻንቆ።

ቦልቴ ተነሳ። «በሬዬ» አለ።

በሬውን የማያውቅ የለም። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል ብሎ በስኳር ድንችና በበቆሎ ከቤት ሳያስወጣ ያደለበው ነው። ጌታሁን የሻንቆን ስም አራት ጊዜ ጠራ። ሻንቆ ኪስ ውስጥ በሬ የለም።

ቦልቴ ከረጢቱን ታቅፎ ወደ መድረኩ ዞረ። «እኔም መልሼ ለ...»

ክንዱን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ለእኔ ይስጡኝ። እናቴ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታለች። ከሩዝ አጥሚት ሌላ አይወርድላትም።»

«እናትሽ ታመመ?» አለ ቦልቴ። አማርኛው ሲቸኩል ሴትና ወንድ አይለይም። ከረጢቱን ደረቷ ላይ አስቀመጠላት። «ውሰጂ፣ ልጄ።»

ከስምንት ዓመት በፊት ለሞተች እናቷ ሦስት መቶ ሰው እጁን ዘርግቶ ጸለየ። ሶልያና «አሜን» አለች።

ኤርሳዶ ራሱ በቤተክርስቲያኗ ፒክአፕ ወሰዳት። ሻንቆ በሞተር ተከተላቸው። እስከ ሶዶ ድረስ ከጎን መስታወቱ አልጠፋም። ኤርሳዶ ይዘምራል። እሷ ከረጢቱን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛለች።

ኦቶና በር ላይ ኤርሳዶ «ገብቼ ልጸልይላት?» አለ።

«ሐኪሙ ከልክሏል።»

በፊት በር ገባች። ሻንቆ ፍተሻ ላይ ተይዞ ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማች። ዞራ አላየችም። አንሶላ በተሰጣበት ጓሮ አልፋ በኋላው በር ወጣች።

ናሙናውን የሚቀበላት «አጎት» የራጅ ፖስታ ይዞ፣ አስታማሚ መስሎ ቆሟል።

«ጌታሁን ሸጦናል» አለችው።

«ይደረስበታል። የማን ማሳ ነው?» ቅጽ ዘረጋላት።

«በኮድ አይሆንም?»

«ማስረጃው ስም ከሌለው የድርጅቱ ጠበቃ ይጥለዋል። ማሳውም መታሸግ አለበት።»

«እስከ መቼ?»

«ካድሚየም ከአፈር አይወጣም። በሰውየው ዕድሜ አይዘራበትም።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። በሚዛኑ መዝገብ ላይ አምስት ወር የጻፈችውን የቦልቴን ስም ከነአባቱ ጻፈች።

ሰኞ መኪኖቹ ባዶ ቆሙ።

ረቡዕ ሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ ሳለች ስልኳ ጠራ። ማንሳት አልነበረባትም።

«ልጄ፣ ቦልቴ ነኝ። በሬውን አስረክቤያለሁ። ማሳዬን ግን በገመድ አጠሩት። ገብቼ ማረስ ተከለከልኩ። የቢሮ ሰዎች በወረቀት ነው የሚያወሩኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«እጠይቃለሁ፣ ጋሼ።»

ሲም ካርዱን አውጥታ ለሁለት ሰበረችው።

ትኬት ቆራጯ ቀና ሳትል «ስም?» አለች።

«መስከረም።»