ሁሉም ዕቃ ወደ በርኒ

ድካሜ የጀመረው በርኒ ትሪጊር ደጅ ላይ በተራገፈ አርባ ከረጢት የጥጃ ወተት ዱቄት ነው። በርኒ ያዘዘው ሁለት ከረጢት ነበር። በማግስቱ የጎረቤቶቹ የአጥር ሽቦ ወደ እሱ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን የከብት መድኃኒታቸው።

ኮላክ በምትባል የገጠር ከተማ ውስጥ ለገበሬዎች ዕቃ የሚያቀርብ ሱቅ አለ፤ እኔ የመጋዘኑ ኃላፊ ነኝ። አለቃዬ ግሬም በዚያ ዓመት አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም አስገብቶ ነበር። ትዕዛዝ ይቀበላል፣ በየጠዋቱም የትኛው ዕቃ ለማን እንደሚደርስ ዝርዝር ያወጣል ተባለ። ክረምቱ ሲገባ ግን ዝርዝሩ የአገሩን ዕቃ ግማሽ ወደ በርኒ እርሻ ይልክ ጀመር። በርኒ ሁለት መቶ ላሞች አሉት፤ በክፉ አፉ ምክንያት አላቢ አይበረክትለትም።

«ኬሪን!» አለኝ በስልክ። «ሱቁን ወደ እኔ ልታዛውሩት ከሆነ ምናለ ብትነግሩኝ? እኔ አንድ አላቢ አጥቼ እንከራተታለሁ፣ እናንተ የሰው ሽቦ ትከምሩብኛላችሁ!»

ሲስተሙን ወደ ሸጠልን ድርጅት ደወልኩ። ሰው እስኪያነሳ የሚያሰሙትን የፒያኖ ዜማ በቃሌ ያዝኩት። ሦስት ሰዎች በሦስት ቀን «ዘግተው ይክፈቱት» አሉኝ። ዘግቼ ከፈትኩት፤ በርኒ መልሶ ደወለ።

አራተኛው ሰው ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

«ደህና አደሩ፣ አፔኒሳ እባላለሁ። የማናግርዎ ከባሕር ማዶ፣ ከሱቫ ነው። ጥሪው ለጥራት ሲባል ይቀረጻል።»

«ዘግተሽ ክፈቺው ካልከኝ ስልኩን ነው የምዘጋው።»

«አልልም። ሦስቱም እንዳሉዎት እዚህ ተጽፏል።» ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁ። «ቀጥሎ ያለው መመሪያ በጥፊ ይምቱት ነው የሚለው።»

ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

«እርስዎ አትበለኝ፣» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም።»

«እሺ፣ ኬሪን። ዝርዝሩን ክፈቺው፤ አብረን እንየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እየደወለ፣ እኔ የወጣልኝን ዝርዝር ሳነብለት፣ እሱ ትክክለኛውን ሲነግረኝ፣ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ በእጄ አስተካክላለሁ። ሲስተሙ ኤሊ ነው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እሱ ጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፣ እኔ ጋ የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሲያቃስት ይሰማዋል። ዝምታው ሲረዝም ወሬ መጣ። አባቴ አምና መሞቱን፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን ነገርኩት። እሱ ታይሌቩ በሚባል የአገሩ ገጠር አጎቱ ጋ ላም ሲያልብ ማደጉን ነገረኝ። ጆሮ ላይ ከሚደረግ ማዳመጫ ይልቅ የላም ጭራ በጥፊ ቢመታው ይመርጣል።

«በርኒስ አላቢ አገኘ?» ይለኛል ሁልጊዜ።

«አንዱ መጥቶ ነበር። ምሳ ሳይበላ ሄደ።»

ከወር በላይ እንዲህ ሰነበትን። የምጠብቀው የዝርዝሩን መስተካከል ሳይሆን የስልኩን መጮህ እንደሆነ ሲገባኝ ደነገጥኩ። መልኩን አላውቀውም፤ ሳል ሲይዘው ግን ጠዋቴ ይበላሻል። ደንባቸው ደግሞ ጥብቅ ነው። ከደንበኛ ጋር የግል ስልክ መለዋወጥ አይቻልም፣ አለቃው ወይዘሮ ሊቲያ የተቀረጹትን የጥሪ ቅጂዎች ይሰማሉ። ጉዳዩ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ብደውል ደግሞ የሚያነሳው ያገኘው ሰው ነው። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ክር ለችግሬ የተከፈተው የጉዳይ ቁጥር ብቻ ነበር።

ከዚያ ጥፋቱን ራሴ አገኘሁት።

ወይዘሮ ኖሊን ታኬት የበርኒ ጎረቤት ነበሩ። እርሻቸውን ሸጠው የአረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ አድራሻቸውን ሲስተሙ ውስጥ ካለው የደንበኛ ካርዳቸው አጠፋሁት። ስማቸውን ግን ተውኩት፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩና ልሰርዘው አልጨከንኩም። ለካ ማሽኑ ካርዶቹን በተራ ሲያነብ በርኒን አልፎ እሳቸው ጋ ሲደርስ አድራሻ ያጣል፤ የበርኒን እንደያዘ ይቀጥልና ከእሳቸው በታች ያለውን ሰው ሁሉ ዕቃ ለበርኒ ይሰጣል። ባዶው ቦታ ላይ የመጦሪያውን አድራሻ ሞላሁ። በማግስቱ ዝርዝሩ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እህ ኬሪን፣ ዛሬስ?»

ተስተካከለ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ እምቢ አለኝ።

«ዛሬም ያው ነው፣» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። በየጠዋቱ የተስተካከለ ዝርዝር ፊቴ ዘርግቼ የተበላሸ አስመስዬ እያነበብኩ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። አንድ ማለዳ ድምፁ ከወትሮው ቀዘቀዘብኝ።

«አሞሃል?»

«ደክሞኛል። ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቁጭ ብዬ ያንቺን ዝርዝር እፈትሻለሁ፤ እዚህ ስሞክረው ደህና ነው፣ አንቺ ጋ ግን ያው ነው ትይኛለሽ። እናቴ ምን ነክቶት ነው እያለች ታለቅሳለች።» ተነፈሰ። «ሊቲያ ማስጠንቀቂያ ሰጥታኛለች። እስከ ዓርብ ካልፈታሁት እሰናበታለሁ። ችሎታ የለህም ነው የሚሉኝ። እኔም ማመን ጀምሬያለሁ።»

ወንበሬ ላይ ኩምሽሽ አልኩ። እኔ ድምፁን እየሰማሁ ስሞቅ እሱ ከራሱ ላይ ይቆርስ ነበር።

«አፔኒሳ፣ ጥሪው እየተቀረጸ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው ይቀረጽ። ጥፋቱ ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ተስተካክሏል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አንተ ምንም አላጎደልክም። ወይዘሮ ሊቲያ ይስሙልኝ።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ቀን?»

«ዐሥራ ዘጠኝ።»

«ለምን?»

«ጉዳዩ ከተዘጋ ድምፅህን የት አገኘዋለሁ? ወድጄሃለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ያኔ የመጣው ዝምታ ገጽ ስንጠብቅ የለመድነው አልነበረም። ሲናገር ድምፁ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ነበር።

«ስለ ደወልንልዎ ጉዳይ ማብራሪያ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?»

እርስዎ አለኝ።

«የለም፣» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ። ጉዳይዎ ተዘግቷል፤ ችግርዎ ተፈቷል? አዎ ወይም አይደለም ይበሉ። ሳልመልሰው ተውኩት።

ሥራው ቀጠለ። ሲስተሙ ታደሰና ባዶ አድራሻ ሲያገኝ ቆሞ የሚጠይቅ ሆነ። ዕቃው ሁሉ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል፣ ግሬም ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ደወልኩ። ያነሱት ወይዘሮ ሊቲያ ራሳቸው ነበሩ።

«ቅጂውን ሰምቼዋለሁ፣» አሉኝ። «ማስጠንቀቂያው ተነስቶለታል። ግን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ልጄ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ።»

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲለመልም፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ቆመ። አዲስ ደንበኛ፣ አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ፣ ትልቁ ቁጥር። ከሥሩ በቀይ «አድራሻ የለም፤ ወዴት ይላክ?» ይላል። የደንበኛው ስም አፔኒሳ ነበር። ስልክ ቁጥርም ነበረው፤ የእኛው አገር ቁጥር።

ወዲያው ደወልኩ።

«ደህና አደሩ፣ ኬሪን እባላለሁ፤ የማናግርዎ ከኮላክ ነው። አድራሻ አልሞሉም።»

«አውቄ ነው፣» አለ ያ ቀስ ያለ ድምፅ። «ሠራተኛ ነው ቁጥሩን መስጠት የማይችለው። ደንበኛ ይችላል።»

እንባዬ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ወረደ።

«ተናድደሃል?»

«በጣም። ሦስት እሑድ በልተሽብኛል። እናቴን አስለቅሰሻል። ግን ሌላ ሰው ደውሎ ምን ልርዳዎ ባልኩ ቁጥር ያንቺን ድምፅ ነበር የምጠብቀው። በስልክ መኮራረፍ ሰልችቶኛል ኬሪን። ፊት ለፊት ልቆጣሽ።»

«ተቆጣኝ። ጫማውን ወዴት ልላከው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ከበስተኋላው ላም እምቧ አለች፣ ቀጥሎ የማውቀው የሰው ጩኸት መጣ። «አንተ! የስልክ ቤት ነው የከፈትኩልህ? ላሞቹ ቆመው ይጠብቁህ?»

«ሦስተኛ ቀኔ ነው፣» አለኝ አፔኒሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስካሁን ምሳ ሳልበላ አልሄድኩም።»

ባዶው ቦታ ላይ የበርኒ ትሪጊርን አድራሻ ጻፍኩ። ሾፌራችን ዝርዝሩን አይቶ ራሱን ያዘ።

«በስመአብ፣ ደግሞ ጀመረው? ወደ በርኒ?»

«አልተሳሳተም፣» አልኩትና የመኪናውን ቁልፍ ተቀበልኩት። «የዛሬውን እኔ አደርሰዋለሁ።»