ሰማንያ ስድስት ኪሎ

ፈትሂያ ሙዓዝን ያገኘችው በተናደደችበት ቀን ነው። የተናደደችው ግን በእሱ አልነበረም፤ በደሴ ሰው ሁሉ ነበር።

ያን ዓርብ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ ስትሄድ፣ ፒያሳ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰውዬ አገኘች። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየ። ከዚያም ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ እስኪዞር ድረስ «ዘጠና ሁለት!» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ ዞረ። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። አንድ ጎልማሳ «ማሻአላህ! ሴት ማለት እንዲህ ነው» አለ። አጠገቡ የቆመችው ሴት «አይ፣ ይሄስ በዛ» ብላ መለሰችለት። ፈትሂያ እዚያው ቆማለች። ትሰማለች።

ለዓረፋ በግ የሚገዛ ሰው እንኳ የበጉን ወገብ በመዳፉ ዳብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚደራደረው። የሴት ልጅ ገላ ሲሆን ግን አገሩ በሙሉ ገምጋሚ ነው። ስትወፍር «ደልቶሻል» ይላል። ስትከሳ «ምን ነካሽ?» ይላል። ባለችበት ስትቆም ደግሞ «ተውሽው እንዴ?» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው!

«በግ ነኝ እንዴ?» አለችው ባለሚዛኑን። «ለምን ትጮሃለህ?»

«እንዲሰማሽ ነዋ።»

«ፊትህ ቆሜ?»

ከጀርባዋ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ አንድ ቀጭን፣ ረዥም ሰው ብቅ አለ። «እህቴ፣ እኔም ሚዛን አለኝ» አላት። «እኔ አልጮህም። ጽፌ ነው የምሰጠው።»

ሙዓዝ ይባላል። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲያጣ አንድ አሮጌ ማሽን ገዝቶ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ሚዛኑን ያስቀመጠው ከአጭር መጋረጃ ጀርባ ነበር። የተመዘነው ሰው ሲወርድ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፣ ለሁለት ያጥፋል፣ በሁለት እጁ ይሰጣል። በዚያ ከተማ ለሰው ገላ እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጥ ሌላ ሰው ፈትሂያ አታውቅም ነበር።

መቀነስ የፈለገችው ለቬሎ አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ሐዋ በስኳር በሽታ ዓይናቸውን አጥተው ኮምቦልቻ ቤታቸው ከዋሉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። የእርሳቸውን ክትትል የሚያየው ሐኪም አንድ ቀን ልጅቷንም መረመራት። «ያንቺም ስኳር አፋፍ ላይ ነው» አላት። «በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሰማንያ ኪሎ ከወረድሽ ምናልባት ያለ መድኃኒት እናልፈዋለን።» ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች፣ ዳቦ ተወች፣ በየማለዳው የጦሳን ዳገት መውጣት ጀመረች።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኪሎው ወረደ። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ሚዛኑ ላይ ትቆማለች፤ ወደ ታች ግን አታይም።

«አንተ እየው። እኔ አንጀቴ አይችልም» ትለዋለች።

ሙዓዝ ያያል። ይጽፋል። ያጥፋል። ዘጠና። ሰማንያ ስምንት ተኩል። ሰማንያ ስድስት። ወረቀቱን ስትቀበለው ጣቶቻቸው አይነካኩም፤ ሁለቱም ግን አለመነካካታቸውን ያውቃሉ።

ቀስ በቀስ ከሚዛኑ ከወረደች በኋላም ደጃፉ ላይ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጣ መቆየት ለመደች። የተማሪዎቿን ፈተና ያባዛላታል፤ እሷ ጥያቄዎቹን እያነበበች ታስቀዋለች።

«አንተስ ተመዝነህ ታውቃለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«አንዴ ወጥቼበት መርፌው አልተነቃነቀም። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ለጠጋኝ ወሰድኩት።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስትስቅ ያያት ነበር።

ከዚያ ኪሎው ቆመ።

አንድ ሳምንት ሰማንያ ስድስት። በሁለተኛውም ሰማንያ ስድስት። እራቷን ቀነሰች፣ ዳገቱን ጨመረች፤ በአምስተኛውም ሳምንት ያው ሰማንያ ስድስት። እየወጡ መሄድ አይደለም የሚያደክመው፤ እየወጡ እዚያው መገኘት ነው። ሰውም ይህን አይቶ አያዝንም፤ ይጫወትበታል። ምክትል ርእሰ መምህሩ ፈንታሁን በመምህራን ማረፊያው ውስጥ «ቲቸር፣ ጦሳ ተራራው አለቀ እኮ፤ አንቺ ግን አላለቅሽም!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ኮምቦልቻ ስትወርድ ደግሞ አክስቷ ቢልቂስ አለች። በአንዱ ቅዳሜ «ተይ ልጄ፣ ከዚህ ከከሳሽ በሽተኛ ይሉሻል፤ ማን ያገባሻል?» ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችው ቢልቂስ «ሸሚዙ ጠበበሽ፤ ማን ያገባሻል?» ትላለች።

በአምስተኛው ዓርብ ፈትሂያ ወረቀቱን ገልጣ አየችና ቀደደችው።

«በሚመጣው ዓርብ ካልተነቃነቀ በቃኝ። ዳገቱም ይቅር፣ ሚዛኑም ይቅር። አልመጣም።»

ሙዓዝ መሬቱን አየ።

በሚመጣው ዓርብ ወረቀቱ «ሰማንያ አምስት» ይል ነበር። ፈትሂያ እንደ ልጅ ዘለለች። በሚቀጥለው ሰማንያ አራት ተኩል፣ ከዚያ ሰማንያ አራት፣ ከዚያ ሰማንያ ሦስት። ወረቀቶቹን አንድም ሳትጥል በቦርሳዋ ያዘች።

በወሩ መጨረሻ እናቷን ይዛ ኮምቦልቻ ክሊኒክ ገባች። ለምርመራ ደም ሰጠች። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣቻትና «ሰማንያ ስድስት» አለች።

«እንደገና እዪልኝ።»

ጫማዋን ቀድማ አውልቃለች። ሻርፗንም አወለቀች። ሰዓቷንም ፈታች።

«ሰማንያ ስድስት ነው እህቴ። የዛሬ ሦስት ወር ምን ያህል ነበርሽ?»

ፈትሂያ የደም ውጤቷንም አልጠበቀችም። እናቷን ባጃጅ አሳፍራ ቤት አደረሰችና በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደሴ ተሳፈረች። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሞተሩ ያጓራል፤ የእሷም ደረት አብሮ ያጓራል። የተበላሸ ሚዛን! በተበላሸ ሚዛን ሰው ላይ የሚቀልድ ነጋዴ! መንገዱን ሙሉ የምትለውን ቃል በቃል አዘጋጀች።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል! ሰው እያሳሳትክ መሆኑን ታውቃለህ?»

ሙዓዝ «አዎ፣ ተበላሽቷል» ቢል ያልፍ ነበር። ይቅርታ ጠይቆ፣ ሚዛኑን ወደ ጠጋኝ ልኮ፣ በሚመጣው ዓርብ እንደ ድሮው ይቀጥል ነበር። ወረቀቶቹን አያቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሚዛኑ ደህና ነው» አለ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ፈትሂያ ያዘጋጀችው ንግግር ለዚህ አልሆነም። ዞራ ወጣች። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ፣ እግሯ የለመደውን የጦሳን ዳገት ያዘች። ሙዓዝ ቤቱን ክፍት ትቶ ተከተላት።

«ፈትሂያ! አንዴ ስሚኝ!»

«የማንን ቃል? የአንተን?» እየሄደች ነው የምትናገረው። «ሌላው ቢጮህብኝ ጠላቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። አንተ ግን አጥፈህ ሰጠኸኝ! በሁለት እጅህ!»

«ልትተዪው ነበር እኮ...»

«ብተወውስ? የተውኩት እውነቱን አውቄ ይሆን ነበር! እናቴ ዓይኗን ያጣችበት በሽታ ነው። አንተ በቁጥሩ ትጫወታለህ? ለማን ብለህ ነው የዋሸኸው? ለእኔ ነው?»

«እ... እሱ...»

«ንገረኝ! ለእኔ ነው ለራስህ?»

«ለራሴ» አለ። ድምፁ ከሩቅ መጣ። «ወላሂ ለራሴ። ዓርብ እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው።»

ፈትሂያ ቆመች፤ ዞረች። ሙዓዝ ከሃምሳ እርምጃ በታች ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

«አክስቴ በገላዬ ባል ትፈልግበታለች» አለችው። «ፈንታሁን ይሳሳቅበታል። አንተ ደግሞ ዓርብህን ትፈልግበታለህ! ከመካከላችሁ ገላው የእኔ መሆኑን ያወቀ አንድ ሰው የለም?»

«ልክ ነሽ።» ተነፈሰ። «ግን... አንቺ ለምን አላለከለክሽም?»

ፈትሂያ ደነገጠች። ከተማው ከእግራቸው በታች ነው፤ የቆመችው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር እዚህ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ተቀምጣለች፤ አንዴም አልቅሳለች። ዛሬ ይህን ሁሉ እየተሳደበች ወጥታ ትንፋሿ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰማንያ ስድስት ይበል እንጂ፣ ይህ ያኛው ገላ አልነበረም።

«ስለ ገላዬ አትናገር!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። አመለጠኝ ብላም ተናደደች።

«ሽማግሌ ልላክ?» አለ ሙዓዝ ከድንጋዩ ሳይነሳ።

«እየሰደብኩህ?»

«ቀሪ ስድብ ካለሽ ጨርሺና ልላክ።»

«መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ» ብላው ብቻዋን ወረደች።

ሦስት ዓርብ አልሄደችም። ዳገቱን ግን አንድም ማለዳ አልዘለለችም፤ አሁን የምትወጣው ለወረቀት አልነበረም። ጥላው የሄደችውን ውጤት ልትወስድ ክሊኒክ ስትመለስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አያት። «ኪሎሽ ቆሟል። ስኳርሽ ግን ወርዷል። መድኃኒቱን አልጀምርልሽም፤ በያዝሽው ቀጥዪ» አላት።

በአራተኛው ዓርብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ሙዓዝ ብድግ አለ። እሷ መጋረጃውን ገለጠች፣ ሚዛኑ ላይ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ ራሷ አየች።

«ሰማንያ ስድስት» አለች ጮክ ብላ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሁለት ሰዎች ሰሙ። ከዚያ ጫማዋን አደረገችና ሙዓዝን ዓይን ዓይኑን አየችው። «በል ላክ።»

ሽማግሌዎቹ እሑድ ኮምቦልቻ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ሼህ ኑርሁሴን ናቸው። እንደ ወጉ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ተቀመጥ እስኪባል አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ግን ነገሩ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ወይዘሮ ሐዋ መደቡ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ፈትሂያ ጓዳ ናት። መናገር የጀመረችው ቢልቂስ ናት።

«ልጁ ጨዋ ነው አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ኒካውን ለከርሞ ብናደርገውስ? እስከዚያ ትንሽ ትቀንስ። ሰው ምን ይላል? ለመሆኑ ልጁ እንዲህ መሆኗን አይቷል?»

ሼህ ኑርሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠይቀነዋል። ‹ስለ ገላዋ እኔን አትጠይቁኝ፤ አንዴ ዋሽቼበት ዳገት ላይ ልሞት ነበር› አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ እኛም አልገባንም።»

ፈትሂያ ከጓዳ ወጣች። ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጣች። ቢልቂስ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነኝ» አለች። «ሦስት ወር አልፎኛል ከዚህ ሳልወርድ። ነገም ዳገቱን እወጣለሁ፤ ካገባሁም በኋላ እወጣለሁ። ኒካዬ ግን ሚዛን አይጠብቅም። የሚጠብቅ ሰው ካለ አሁኑኑ ይሂድ።»

 ቢልቂስ ልትናገር ስትል ወይዘሮ ሐዋ እጃቸውን አነሱ።

«በቃሽ፣ ቢልቂስ። እኔንም ዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ‹ደልቶሻል› ስትሉኝ ነበር። እኔም ደስ እያለኝ እሰማችሁ ነበር።»

ፊታቸውን ሽማግሌዎቹ ወደቆሙበት አዞሩ።

«ሼህ፣ ቆመው ደከሙ» አሉ። «ይቀመጡ።»