ማዕበል ያላወጣት ጀልባ

የሽማግሌው ኦክፖቲ ሬሳ የተገኘው ከአክራ ወጣ ብሎ፣ ዘንድሮ በግንብ በታጠረው የባሕር ዳርቻ ነው። አምና የሁሉም የነበረው አሸዋ ዛሬ የቪላ ሰዎች ግቢ ሆኗል። ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ በግንቡ በር የሚያልፈው ዓሣ አጥማጅ የኦክፖቲ ቤተሰብ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ነገ ችሎት ቆሞ «ዳርቻውን ለመልቀቅ ወረቀት ላይ አልፈረምኩም» ሊል ቀጠሮ ነበረው። ሌላ ምስክር የለም።

ኢንስፔክተር አክዌሌ የሟቹን ጀልባ ደጋግማ ዞረቻት። ጀልባዋ ከውሃው ርቃ በሦስት ድቡልቡል ግንዶች ላይ ተቀምጣለች፤ ውስጧ የገባው ውሃም ተጨልፎ ደርቃለች።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር» አለ ከሟቹ ጋር የሚያጠምደው የእህቱ ልጅ ላርያ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወጥቶ ተገለበጠ መሰለኝ። ማዕበሉ እሱንም ጀልባዋንም ተፋቸው።»

ወደ ግቢው ዘበኛ ዞረች። «ኢድሪሱ፣ ትናንት እግርህን እሰብረዋለሁ ብለኸው የለ?»

«አፌ ነው እንጂ! እኔ የሰሜን ሰው፣ ባሕሩን እንኳን ልገባበት ሳየውም ያዞረኛል።»

የሟች ልጅ ኮርኮይ ዓሣ ከምታጨስበት ከነጥላሸቷ ሮጣ መጥታለች፤ ጎረቤቶቿ ከጎህ ጀምሮ አብረዋት ነበሩ። የቪላዎቹ ሥራ አስኪያጅም ከከተማ ገና መድረሱ ነው።

አክዌሌ አራቱንም ጀልባዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ማዕበል ጀልባ ይተፋል፤ ግንድ ላይ አስቀምጦ ውሃዋን አይጨልፍም። ይህን ያደረገ አጥማጅ ነው። ኢድሪሱ አያውቅበትም፣ ሥራ አስኪያጁ እዚህ አልነበረም፣ ኮርኮይ ምስክር አላት። በበሩ ማለፍ የሚችል ሌላ አጥማጅ አንድ ብቻ ነው። ላርያ፣ ለምን አወጣሃት?»

ላርያ አሸዋው ላይ ተዘረፈጠ።

«ትሰበራለች ብዬ... እጄ ለምዶ ነው። አያታችን የሠራት ናት።»

አጎቱን ለውሃ ትቶ ለጀልባዋ ሳሳ። አክዌሌ በሥራ ዘመኗ ብዙ አይታለች፤ ይህን ግን መስማት ከበዳት።

«ወረቀቱ ላይ የፈረመውስ?»

«እኔ ነኝ፣ በሱ ስም። ይህ ሰው ከፈረምክ በቪላው ሥራ እሰጥሃለሁ አለኝ» ብሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠቆመ። «ነገ ዝም በል ብዬ ጀልባ ላይ ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። እጁን ዘረጋልኝ... አልያዝኩትም።»

ሥራ አስኪያጁ «ውሸታም!» ቢልም የሰማው አልነበረም።

ማምሻውን ኮርኮይ ከበቆሎ ሊጥ የተቀቀለ ኬንኬና የተጨሰ ዓሣ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ላርያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ብላ» አለችው፤ እንባዋ ይወርዳል። «አባቴን ገደልክብኝ። የቀረኝ ምስክር ደግሞ አንተ ነህ። እስከ ነገው ችሎት እንዳትሞትብኝ፣ ብላ።»