ሸራዋ የተገለጠ መርሴዲስ

ሬሳው ነጩ የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። ላየው ሰው ደክሞት ያሸለበ ይመስላል። ጀንበሬን አላታለለውም።

ጀንበሬ ዕድሜውን በድሬዳዋ ፖሊስ መርማሪነት ፈጅቶ፣ ጡረታ ሲወጣ ጅቡቲ ልጁ ዘንድ የመጣ ሽማግሌ ነው። የሐበሻ ነገር ሲገጥማቸው ፖሊሶቹ ለአስተርጓሚነት ይጠሩታል። በዚያ የሐምሌ ቀን፣ የካምሲኑ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ዐይን አላስገልጥ ባለበት ሰዓት፣ ካርቲየ 6 ሰፈር ወደሚገኘው የወይዘሮ ዙለይካ ግቢ ያስመጡት ለዚሁ ነበር። ሟቹ ገብረኪዳን ይባላል። አሮጌ የቅንጦት መኪና መርምሮ «ይገዛል» ወይም «ይቅር» የሚል የአዲስ አበባ መካኒክ ነው። የወይዘሮዋ ባል ከመሞቱ በፊት ሸራ አልብሶ ጋራዥ ውስጥ የቆለፈባትን መርሴዲስ ለአንድ ገዢ ሊያይ መጥቶ፣ እዚያው ቀረ።

«ምን ያመራምራል?» አለ አቶ መሳፍንት። የወይዘሮዋ ሟች ባል ሸሪክ የነበረ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ የታወቀ ዕቃ አስተላላፊ ነው። «ሞተሩን አስነስቶ ሲፈትሽ ይቺ ገረድ በሩን ዘጋችበት። ጭሱ ገደለው። ሳሎን ተቀምጬ የሞተሩን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቁልፉም በእርግጥ ወደ ማስነሻው ዞሯል። የቤቱ ሠራተኛ እጇ በካቴና ታስሮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ስሟ ማን ነው?» አለ ጀንበሬ።

«የማን?»

«የልጅቷ።»

መሳፍንት ሳቀ። «ደግሞ የገረድ ስም ላጥና? አንተ ያልኩህን ተርጉም፣ ሽማግሌ!»

ጀንበሬ ንዴቱን ዋጠው። ወደ ፖሊሶቹ አለቃ፣ ወደ አጁዳኑ ዞሮ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው የከሰዓቱ አስር ሶላት እስኪደርስ ጊዜ ለመነ። አጁዳኑ ሙቀቱ አንገሽግሾት ነበርና «ቪት፣ ቪት»፣ ቶሎ በል፣ ብሎት ጥላ ፍለጋ ወጣ።

ጀንበሬ የሟቹን ቆብ ቀስ አድርጎ አነሳ። ከማጅራቱ በላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጭስ የገደለው ሰው ፊቱ እንደሚቀላ ጀንበሬ ስንቴ አይቷል። የሸሚዙ ጀርባ አቧራና ግራሶ ነው፤ ነጩንም ወንበር አጥቁሮታል። የሟቹ ባትሪ መብራት ግን በግራ የፊት ጎማ ሥር ወድቆ እስካሁን ይበራል። የሟቹን የዕቃ ሣጥን ከፈተ። ንጹሕ አንሶላ እንደታጠፈ ተቀምጧል። መፍቻዎቹ ሁሉ ግራሶ የጠገቡ ናቸው። የጎማው መፍቻ ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጣቱን ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰደደ። ጣቱን ጠርጎ ተነሳ።

መኪናዋን የሚያሻሽጠውን ደላላ፣ ከይረዲንን፣ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ አገኘው። ጫቱ ገና ከነማሰሪያው ብብቱ ሥር ነው።

«ጋሽ ጀንበሬ፣ ከገብረኪዳን ጋር ተጨቃጭቀሃል ይሉኛል። ተጨቃጭቄያለሁ! ደላላ ካልተጨቃጨቀ በምን ይበላል?»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ነገር አያልቅበትማ! ማግኔት ይዞ ቆርቆሮውን ይዳብሳል። ወንበር ላይ ለመቀመጥ አንሶላ ያነጥፋል። "ቁጭ በል እንጂ፣ ሙሽራ ናት እንዴ?" ብለው፣ "የሰው ንብረት አላቆሽሽም" ይለኛል። ባትሪውን እንኳ ከታክሲ ያወረድኩለት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ሊቆረጥ!»

«የቱን ባትሪ?»

«ይኸው በሩ ጋ ያለውን። የመኪናዋ የት አለና? ወይዘሮዋ ካስወጣችው ቆየ። ከዚያ ጫት ሲገባ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

ጀንበሬ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው፤ ዝገት ብቻ።

ወይዘሮ ዙለይካ ሳሎን ውስጥ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ተቀምጣለች። «ተኝቼ ነበር» አለች። «መሳፍንት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ባለቤትዎ መኪናዋን ለምን ቆለፉባት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድሬዳዋ ለቅሶ ላይ ሳለሁ ያሰሯት ሀና ከመምጣቷ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ፣ ፀዳልን፣ ዶራሌ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ገጭቷት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንዳት አስጠላኝ አለኝ። ወላሂ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እራገማለሁ።»

«አቶ መሳፍንትስ መኪናዋ እንድትሸጥ ወደዱ?»

«እሱማ "ለሰው አትስጪብኝ፣ እኔ ልውሰዳት" እያለ ነዝንዞኛል። ከባሌ ቀብር ወዲህ ጋራዡን አልረገጠም፤ አሁን ግን የሙጥኝ አለ።»

«በሩን የዘጋውስ?»

ዙለይካ መቁጠሪያዋን ማዞር ጀመረች። «ሀና ናት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሀና ጋራዡ ውስጥ እንደቆመች ነበር። «አባባ፣ ሞተር አልሰማሁም» አለችው ገና አፉን ሳይከፍት። «ሦስቴ ነገርኳቸው፤ ማን ይስማኝ! ጠራሁት፤ መልስ የለም። የወጣ መስሎኝ ዘጋሁት።»

«ለምን መዝጋት አስፈለገሽ?»

ከንፈሯን ነከሰች። «አቧራ እንዳይገባ» አለች። በዐይኗ ግን ወደ ሳሎኑ አየች።

ጀንበሬ ኮቱን አወለቀ፤ መብራቱን ይዞ በጀርባው መኪናዋ ሥር ገባ። አጥንቱ እየተንቋቋ ወደ ግራው ፓራፋንጎ፣ ወደ ጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ ውስጠኛ ክፍል ተሳበ። እዚያ፣ ከአንድ ብሎን ጋር ተጠምጥሞ በዘይት የደረቀ ቁራጭ ጨርቅ አለ። ገሚሱ ገና በቅርቡ በቢላ ተቆርጧል። የቀረውን ፈታው።

የአስር ሶላት ጥሪ ሲሰማ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። አጁዳኑ በሩ ላይ ቆመ።

«ገብረኪዳን በጭስ አልሞተም» አለ ጀንበሬ፤ በፈረንሳይኛም ደገመው። «ጭስ ማውጫውን የጭቃ ተርብ ቤት ሠርቶበት ደፍኖታል። ሞተሩ ተነስቶ ቢሆን የተርቡ ቤት በተበታተነ ነበር። ጣቴን ብሰድ ድፍን ነው። ደግሞም መኪናዋ ባትሪ የላትም፤ በምን ትነሳ?»

መሳፍንት ላቡን ጠረገ። «ታዲያ ያ ድምፅ የጎረቤት ጄኔሬተር ይሆናላ።»

«ይቆየኝ። ሟቹ አንሶላ ሳያነጥፍ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሰው ነው። አንሶላው እንደታጠፈ ነው፤ ወንበሩ ግን ቆሽሿል። ራሱ አልተቀመጠም፤ ሬሳውን ነው ያስቀመጡት። በጀርባው ተኝቶ ከሥር ሲያይ ቆይቶ ገና ሲነሳ በጎማ መፍቻ ማጅራቱን ብለውታል።»

«ማን?» አለ ከይረዲን። «ዐይንህ እኔ ላይ ነው፣ ጋሽ ጀንበሬ!»

«አንተ አይደለህም። ገዳዩ ቁልፉን አዙሮ ሄዷል፤ መኪናዋ ባትሪ አላት ብሎ ያመነ ሰው ነው። አንተ ባትሪውን ተሸክመሃል። ወይዘሮዋ የድሮውን ራሳቸው አስወጥተዋል። ሀናም ገድላው በጭስ ልታመካኝ ብትፈልግ ኖሮ "ሞተር ሰምቻለሁ" ትል ነበር፤ እሷ ግን "አልሰማሁም" ብላ ሰበቡን ራሷ አፈረሰችው። ባትሪ አለመኖሩን የማያውቅ ከቀብር ወዲህ ጋራዡን ያልረገጠ ሰው ነው። ያልተነሳ ሞተር የሰማውም እሱ ነው።»

መሳፍንት «አንተ ተላላኪ!» ብሎ ተንደረደረ። አጁዳኑ ደረቱን በመዳፉ መልሶ ገፋው።

ጀንበሬ የሟቹን ማግኔት ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳረፈ፤ ያዘ። ከቀኙ ፓራፋንጎ፣ ያዘ። ከግራው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«እዚህ ጋ ቆርቆሮ የለም፤ ስቱኮ የተለጠፈበት ነው። መኪናዋ ከባድ ነገር ገጭታለች። ላዩን አስውበው ቀቡት፤ ውስጡን ማን ያየዋል ብለው ተዉት። ገብረኪዳን አየው፤ ከዚህ ጨርቅ ገሚሱን ቆርጦ ሲወጣ ነው የተመታው።» ጨርቁን ለዙለይካ ዘረጋላት። «ይህን ያውቁታል?»

ዙለይካ ጠርዙ ላይ ያለውን ቢጫ ጥልፍ በጥፍሯ ፋቀች። መቁጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ሻሹ! ለኢድ ለፀዳል የሰጠኋት ሻሽ!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ያን ሰሞን መኪናዋን የያዝካት አንተ ነበርክ! ባሌ በስልክ "መኪናዋ መሳፍንት ጋ ናት" ብሎኛል! ያን ሁሉ ዘመን ሾፌሩን ስራገም ቡናዬን እየጠጣህ "አሜን" ትል ነበር!»

«ባልሽም ያውቅ ነበር!» አለ መሳፍንት አረፋ ደፍቆ። «ያሳደሳትም የቆለፈባትም እሱ ነው! ለአንዲት ገረድ ብላችሁ እኔን…»

አላስጨረሰውም፤ አጁዳኑ ካቴናውን ከሀና እጅ ፈትቶ እሱ ላይ ቆለፈው። ኪሱ ሲፈተሽ የጨርቁ ገሚስ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ የሚያቃጥልበት ጊዜ አላገኘም።

ወስደውት ሲሄዱ ዙለይካ እያለቀሰች ሀናን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ሀና ወደ ኋላ ሸሸች።

«በሩን ዝጊው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። "አቧራ ገባ፣ ሂጂና ዝጊው" ብለው ከአልጋዎ ላይ ጮሁብኝ። ካቴና ሲያስገቡልኝ ግን አጠገቤ ቆመው ዝም አሉ።»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ። እኔን ይይዙኛል ብዬ…»

«እኔስ አልፈራም?»

ሀና የቀላውን የእጇን አንጓ እያሸች ቀጠለች።

«ፓስፖርቴን ያምጡልኝ።»

«ወዴት ልትሄጂ? በዚህ ካምሲን? እስኪ ዛሬ እንኳ እደሪ…»

«ፓስፖርቴን!»

ጀንበሬ የዕቃ ሣጥኑን ክዳን ዘግቶ ተቀመጠበት። «ወይዘሮ ዙለይካ፣ ይሂዱና ያምጡላት» አለ። «እስኪያመጡ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»